አለቃና የእማ ሐዋ ሰሌን

ይህን ለመጻፍ ከተቀመጥኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። በቀን አንድ ገጽ ከሞላልኝ ጥሩ ቀን ነው እላለሁ። የምጽፈው ስለ አንድ ቡችላ ሽንት ነው። የሚያስቀው ሰው ይሳቅ፤ እኔም አንዳንዱ ቦታ ላይ ስደርስ ስቄአለሁ። ነገር ግን ከማክሰኞ እስከ ዓርብ በቤቴ የሆነው ባይሆን ኖሮ፣ ዛሬም ወለል ላይ እንደተኛሁ እገኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

አስካለ እባላለሁ። በልጅነቴ ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ አብሬ መጥቼ አሶሳ አደግሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ኖሬ፣ ዓይኔ ስለደከመ ቀደም ብዬ ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ ገለታ የመንዲ ከተማ ልጅ ነበር፤ የመንግሥት መኪና ሹፌር። ልጅ አልወለድንም። ከእማ ሐዋ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን አሥራ አንድ ዓመት ኖርን። እማ ሐዋ የበርታ ብሔር ተወላጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ባላቸው የሞተ፣ ልጆቻቸው መንጌ ወረዳ ያሉ ሴትዮ። በረንዳችን አንድ ነው፤ ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የእሳቸው።

ገለታ ለመጨረሻ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ዕለት፣ ጃኬቱን እንደቆለፈ ገባና በሩ ላይ ቆመ። ሙቀቱ ሰው በሚያፍንበት ቀን ጃኬት መልበሱ ገርሞኝ ምን ሆነህ ነው አልኩት። ዚፑን ዝቅ ሲያደርገው አንድ ነጭ፣ ጸጉራም ጭንቅላት ብቅ አለ። እነዚያ የፈረንጅ የሚባሉት፣ ቢያድጉም ከድመት ብዙም የማይበልጡ ትንንሽ ውሾች ዓይነት። የሚያውቃት ሴትዮ ውሻዋ ወልዳባት ሰጥታው ነው።

«ጡረታ ወጥተሽ የሚያዝሽ አለቃ አጣሽ» አለኝ። «ይኸው አመጣሁልሽ።»

ስሙ በዚያው አለቃ ሆኖ ቀረ። ገለታ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ቡችላውን በአንድ እጁ ታቅፎ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ያስቀምጠውና፣ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ «አለቃ፣ ሥራህን ሥራ» ይለው ነበር። እማ ሐዋ በረንዳው ላይ ሆነው ይስቁ ነበር። ይህ የሆነው ለአሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ገለታ መኪናውን ሊያሞቅ እንደወጣ መሪው ላይ ወደቀ። ሐኪም ቤት አድርሰውት ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ገለታ ከሞተ ሦስት ወር አልፎታል። አለቃ አምስት ወር ከግማሽ ሆኖታል፤ ጥርሱ ወጥቶ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። የገለታን ነጠላ ጫማ አንዱን ተረከዙን በልቶታል። የጥቁር ቀሚሴ ጠርዝ እንደ ዘርፍ ተተልትሏል። በአጥሩ በኩል ጀለቢያ የለበሰ ሰው ባለፈ ቁጥር የአንበሳ ያህል ይጮሃል። ይህንን ሁሉ ሰው ይችለዋል። ያልተቻለው ሌላው ነው፦ ሰሌን ባየ ቁጥር ይሸናል።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ እማ ሐዋ የሚሰግዱበትን ሰሌን በረንዳው ላይ ዘርግተው፣ ማንቆርቆሪያ ይዘው ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ጓሮ ሄዱ። እኔ ውስጥ ነበርኩ። አለቃ መቼ እንደወጣ አላየሁም። ስወጣ መሐል ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጨርሶ፣ ወደ እኔ እያየ ጭራውን ይወዘውዛል። ከኋላዬ እማ ሐዋ ፊታቸው እንደራሰ ቆመዋል። በአንድ ወር ውስጥ አራተኛው ነበር።

እኔ መጥረጊያውን አንሥቼ ቡችላውን አንድ ጊዜ መታሁት። አፍንጫውን ይዤ ሽንቱ ላይ አሸሁት። እንዲህ ነው የሚሠለጥነው ሲሉ የሰማሁት ይህንኑ ነበር። አለቃ ጮኾ አልጋ ሥር ሊገባ ወደ ውስጥ ሮጠ፤ አልጋ ግን አልነበረም። አልጋውን ለለቅሶው ሲባል ሰዎች ፈትተው ግድግዳ ካስደገፉት ወዲህ እንደዚያው ነበር። ፍራሹ መሬት ላይ፣ ከጎኑ ሰሌን፤ ሦስት ወር ሙሉ የተኛሁትም የተቀመጥኩትም እዚያ ነው። ከአርባው በኋላ የእድር ሴቶች ፍራሹን እናንሣልሽ ብለው መጥተው ነበር። እኔው አነሣዋለሁ አልኳቸው። ሁለተኛም መጡ፤ እንደዚያው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አልመጡም።

እማ ሐዋ አልተቆጡም። ሰሌኑን ጠቅልዬ አጥቤ ልመልስ ስል ከእጄ ወሰዱት፤ ራሳቸው ሲያጥቡት ሰማሁ። አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ወደ እኔ ቤት መጥተው ደፉ ላይ ተቀመጡ። እማ ሐዋ አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት አይለዩም። እኔ ለእሳቸው መቼም «አንተ» ነኝ፤ ገለታን «አንቺ» የሚሉበትም ቀን ነበረ፤ እሱ አቤት እያለ ያስቃቸው ነበር።

«አስካለ» አሉኝ፣ «አንተ ልጄ ነህ። ገለታም ልጄ ነበር። ቤቱ ቤትህ ነው፣ አንተ አይወጣም። ይሄ ውሻ ግን ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እዚህ ግቢ አያድርም። እኔ ሽማግሌ ነው። በየቀኑ ሰሌን ማጠብ ጉልበት የለም። ውሻ ሽንት ያለበት ደግሞ ሰላት የለም።»

ትክክል ነበሩ። በለቅሶዬ ወቅት የመጀመሪያውን ገንፎ በባሚያ ወጥ አድርገው ይዘው የመጡት እኚህ ሴት ናቸው። እሺ አልኳቸው።

ማታውን ለገለታ ታናሽ ወንድም ለደሳለኝ ደወልኩለት። ባምባሲ ያርሳል። ደግ ሰው ነው፤ ቀልድ ግን ይወዳል። ዓርብ ለገበያ አሶሳ ስለሚመጣ በዚያው እወስደዋለሁ አለኝ። ሁለት ትልልቅ የበቆሎ ጠባቂ ውሾች እንዳሉት አውቃለሁ።

«እነሱ ምን ይሉታል?» አልኩት።

«እነሱ እንኳ ምንም አይሉትም፣ እትዬ። ጅቡ ነው፤ እሱ ቁርስ መጣልኝ ይላል።»

ሳቀ። እኔ እንዳልሳቅሁ ሲያውቅ ቤት ውስጥ አስሬ አኖረዋለሁ አለ። እሱም እኔም እንደማይሆን እናውቃለን። በዚያ ላይ ልንገራችሁ፤ ገለታ በሞተበት ቀን ጠዋት ከቤት ሲወጣ የነካው የመጨረሻ ነገር አለቃ ነው። ከማንጎው ሥር አንሥቶ ለእኔ አቀበለኝና ሄደ። ከእሱ እጄ ላይ የቀረኝ የመጨረሻ ነገር ይኸው ነበር፤ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ረቡዕ ጠዋት ቡችላውን ዘንቢል ውስጥ አድርጌ የእንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ከፊቴ ሁለት አህዮችና አንዲት እግሯን የታመመች ፍየል ነበሩ። የክሊኒኩ ባለሙያ አቶ ተሾመ ይባላሉ። የወለጋ ሰው ናቸው፤ ጡረታቸው የደረሰ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። ዘንቢሉን ከፍተው ሲያዩ መነጽራቸውን አደረጉ።

«አዴ፣ ይሄ በግ ነው ጥጥ?» አሉ፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው።

ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ። እኔ ግን ቀልድ የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም፤ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ሽንቱን፣ በመጥረጊያ መምታቴን፣ በየጊዜው ቦታውን በበረኪና ማጠቤን። አቶ ተሾመ አዳምጠው ሲጨርሱ እንደ መርማሪ ይጠይቁኝ ጀመር። ሲሚንቶው ላይ ይሸናል? አይሸናም። ፍራሽ ላይስ? አንድም ቀን። ጫማ ላይ፣ ልብስ ላይ? የለም። ሰሌን ላይ ብቻ? ሰሌን ላይ ብቻ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ይሄ ውሻ ያልሠለጠነ አይደለም፣ አዴ አስካለ። አሳምሮ ሠልጥኗል። ሰሌን ሽንት ቤት ነው ብሎ ያስተማረው ሰው አለ። ማነው?»

ማንም የለም አልኳቸው። እውነት የመሰለኝን ነው የተናገርኩት።

ከዚያ በኋላ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ የሚደረገውን ነገሩኝ። ሲነቃ፣ በበላ በሩብ ሰዓት፣ ተጫውቶ ሲጨርስ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ወደ አንድ ቦታ ብቻ፣ ሁልጊዜ ወደዚያው ቦታ መውሰድ። አንድ ቃል መርጦ ሁልጊዜ ያንኑ ቃል ማለት። ልክ እንደሸና፣ ገና ሳይነሣ፣ ማመስገንና ጥቂት ሥጋ መስጠት። ዓይኔ ካላየው ክፍል ውስጥ ብቻውን አለመልቀቅ፤ ወይ በገመድ ከወገቤ ጋር ማሰር። በረኪና መተው፤ ለውሻ አፍንጫ ሽንት ሽንት ይሸተዋልና እንደገና ይጠራዋል፤ በሳሙናና በአቸቶ ማጠብ። ሲነክስ ጨዋታውን አቁሞ ጀርባ መስጠት፣ የሚያኝከው የራሱ ገመድ ወይም አጥንት ማዘጋጀት።

«መጥረጊያውስ?» አልኳቸው።

«መጥረጊያው ለቤት ነው። ከሠራ በኋላ ብትመቺው የሚገባው ነገር አስካለ ክፉ ናት የሚል ብቻ ነው። ከዚያ ተደብቆ ይሸናል።»

በሦስት ቀን ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። የሚዋሹ ሰው አልነበሩም። ሦስት ሳምንት ቢሆን ጥሩ ነበር፣ አንቺ ግን ዛሬውኑ ጀምሪ አሉኝ።

ቤት እንደገባሁ ደብተር ፈለግሁ። ያገኘሁት ለቅሶ የደረሱ ሰዎችን ስም የጻፍኩበትን ደብተር ነው። ስሞቹ አሥራ አንድ ገጽ ሞልተዋል። አሥራ ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ። ከዚያ ወዲህ ብዕር ይዤ አላውቅም ነበር። መስመር አሰመርኩና እንደ መዝገብ ቤቱ ዘመን በአምድ ከፈልኩት፦ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ሠራ፣ አስተያየት። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ።

አለቃን በልብስ ማስጫ ገመድ ከወገቤ ጋር አሰርኩት። ወጥ ስሠራ አብሮኝ፣ ውኃ ስቀዳ አብሮኝ። በየሁለት ሰዓቱ ማንጎው ሥር ይዤው እቆማለሁ። የመረጥኩት ቃል «ሽና» የሚል ነበር። ሽና፣ ሽና እያልኩ ሩብ ሰዓት እቆማለሁ፤ እሱ ጉንዳን ያሳድዳል። እማ ሐዋ በረንዳቸው ላይ ባሚያ እየከተፉ ያዩኛል። አንድ ጊዜ፣ «አስካለ፣ አለቃ ሽንቱ አልመጣለትም» አሉኝ። የዚያን ቀን ማንጎው ሥር የሸናው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም ሥጋውን ከኪሴ እስካወጣ ረስቶት ሄደ። ደብተሬ ላይ «ሥጋ አስቀድሞ በእጅ መያዝ» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ጊዜ ተሳካልን። ደስ አለኝ፤ ደስ ካለኝ ረጅም ጊዜ ሆኖኝ ነበርና ሰውነቴ ያልለመደው ነገር ሆነበት። አምስት ሰዓት ላይ በሩ ተዘግቷል ብዬ ገመዱን ከወገቤ ፈታሁ። ሽንኩርት ለመላጥ ጀርባዬን ለትንሽ ጊዜ ሰጠሁት፤ ዞር ስል አለቃ ከፍራሼ አጠገብ ባለው ሰሌን ላይ ቁጭ ብሏል።

መጥረጊያው በእጄ ሆነ። ከየት እንዳነሣሁት እንኳ አላስታውስም። ቡችላው አልሸሸም። ሽንቱን ጨርሶ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጭራውን ወዘወዘልኝ፤ እንደሚመሰገን ሰው። ያን ጊዜ ነው የአቶ ተሾመ ጥያቄ መልሱ የመጣልኝ።

ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ላይ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሰው ነው። እኔ ጓዳ ውስጥ ከሴቶች ጋር መሬት ተቀምጫለሁ። ቡችላው ሰው እንዳይረግጠው እዚያው ጓዳ ዘግተውበታል፤ ማንም ወደ ማንጎው የሚወስደው አልነበረም። የሰሌኑ ጥግ ላይ ሄዶ ሸና። አንዲት ሴት በእግሯ ልትገፋው ስትል እጇን ያዝኳት። ተዪው፣ ፍራሹን እንኳ አልነካም፣ ጎበዝ ነው አልኩ። ጎትቼ አቀፍኩት። ጸጉሩ ውስጥ አለቀስኩ። በማግስቱም ሰሌኑ ላይ ሸና፤ አሁንም አቀፍኩት። እንጃ ስንት ቀን እንደዚያ አደረግን። ከዚያ ሰው ሁሉ ሄደ፣ ሰሌኑም ፍራሹም እኔም መሬት ላይ ቀረን። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጦ የተማረውን ልጅ ነው እኔ በመጥረጊያ የመታሁት።

ሰሌኑ ወለሉ ላይ እስካለ ድረስ ሰዓት ብመዘግብ፣ ሥጋ ብሰጥ ዋጋ እንደሌለው ገባኝ። ሰሌኑ መውጣት አለበት። ሰሌኑ ከወጣ ፍራሹ ብቻውን መሬት ላይ ይቀራል፤ ያም መነሣት አለበት። ፍራሹን አንሥቼ የት ላድርገው? አልጋው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ያን አልጋ ከመግጠም ቡችላውን ለደሳለኝ መስጠት ይቀለኝ ነበር፤ ይህን አልደብቃችሁም። ፍራሹ ላይ ተቀምጬ ረጅም ሰዓት አየሁት። ከዚያ ተነሣሁና የገለታን የመፍቻ ሣጥን ከቁም ሳጥን ሥር ጎተትኩ።

ብሎኖቹን በጨርቅ ቋጥሮ ያስቀመጣቸው የእድር ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እግዜር ይስጠው። የመጀመሪያውን ጎን አቆምኩና በትከሻዬ ደግፌ ሁለተኛውን ስስበው የመጀመሪያው ወደቀ። እንደገና አቆምኩት። እንደገና ወደቀ። ሦስተኛው ላይ ድምፁን ሰምተው እማ ሐዋ በሩ ላይ መጡ። ምን እየሠራሁ እንደሆነ አልጠየቁም። ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ራስጌውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

እኔ ብሎን አጠብቃለሁ፣ እሳቸው ይይዛሉ። አራተኛውን ሳጠብቅ ዓይናቸው መሬት ላይ ወዳለው ሰሌን ሄደ። ጎንበስ ብለው ጠርዙን አዩ፤ ጠርዙ በቀይ ክር የተሰፋ ነው።

«ይሄ የኔ ነው» አሉ።

የእሳቸው ነበር። ለለቅሶው ሦስት ሰሌን አውሰውኝ ሁለቱን መልሼ አንዱ ቀርቶብኛል። በረንዳው ላይ የሚሰግዱበትም የዚሁ እኩያ ነው፤ ያው ዘንባባ፣ ያው ሽታ፣ ያው ቀይ ክር። አሳፈረኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ እንዴት እንዳስተማርኩት፣ እንዴት እንዳቀፍኩት። እማ ሐዋ አልጋውን እንደያዙ ሰሙኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ እኔ ነው ለውሻ ሽንት ቤት የሰጠው» አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሳቁን ጨርሰው ፍራሹን አብረውኝ አንሥተው አልጋው ላይ አደረጉ። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ዞረው፣ «ዓርብ ግን ዓርብ ነው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ሰሌኑን ልቁረጠው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ከእንግዲህ ለሰው አይሆንም፣ ቁረጠው አሉኝ። በቢላዋ የክንድ ያህል ቆርጬ ማንጎው ሥር፣ ቀይ አፈሩ ላይ አነጠፍኩት። ቀሪውን አቃጠልኩት። ወለሉን በሳሙና፣ ከዚያም በአቸቶ፣ ጥጉን ሳይቀር አጠብኩ። ሲሚንቶው ሲደርቅ ክፍሉ ትልቅ ሆነብኝ።

ያን ዕለት ከዚያ በኋላ የተቆረጠው ሰሌን ላይ ሁለት ጊዜ ሸና። ሁለቱንም መዝግቤዋለሁ።

ዓርብ ጠዋት ሌላው ጨዋታ ነበር። ሰሌኑን ወዶታል፤ ግን ማንጎው ሥር ያለውን ወዶ በረንዳ ላይ የሚዘረጋውን እንደማይወድ ማን ያውቃል? ሁለቱን የሚለይበት አንድ ነገር ያስፈልገዋል። አቶ ተሾመ አንድ ቃል ብለውኝ ነበር። የእኔ «ሽና» እስካሁን ምንም አልፈየደም። ሌላ ቃል እንዳለ ከረቡዕ ጀምሮ አውቅ ነበር፤ ልናገረው አልቻልኩም እንጂ። ከገለታ አፍ ሌላ ያ ቃል ከማንም አፍ ወጥቶ አያውቅም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አለቃን ማንጎው ሥር አስቀምጬ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ አልወጣም። ሁለት ሰዓት ላይም አልወጣም። ደብተሬ ላይ ሁለቱም ሰዓት ትይዩ «አልሠራም» ይላል። ያልሠራው እሱ ነው ወይስ እኔ ነኝ የሚለውን አልጻፍኩም።

ደሳለኝ በሞተር ሳይክል የመጣው ጁምዓ ተሰግዶ ሰው ከመስጊድ ሲመለስ ነው። ከኋላው ባዶ የብስኩት ካርቶን አስሯል፤ ጎኑን በቢላዋ እየወጋ አየር ማስገቢያ አበጅቶለታል። ካርቶኑን ፈትቶ በረንዳው ጥግ ላይ አኖረና፣ ለቀልድም አልተመቸውም መሰለኝ፣ ሰላም ብቻ አለኝ። እማ ሐዋ ቤት ውስጥ ሊሰግዱ ነበር፤ ሙቀቱን ፈርተው ነው መሰል ሰሌናቸውን አውጥተው እንደ ልማዳቸው በረንዳው ላይ ዘረጉና ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ዞሩ።

አለቃ ከወገቤ ጋር ታስሯል። ምሳውን ከበላ ሩብ ሰዓት ሆኖታል። ገመዱን ይዤ ወደ ማንጎው ብወስደው ይሸናል፤ ግን ያ ለማንም ምንም አያሳይም። በገመድ የታሰረ ውሻ ማንጎ ሥር ሸና ብዬ ለእማ ሐዋ ብነግራቸው፣ ነገ ሲፈታስ? ጎንበስ ብዬ ገመዱን ፈታሁት።

«እትዬ፣ ምን ልትሆኚ ነው?» አለ ደሳለኝ።

አለቃ አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ ሄደ። ቀጥ ብሎ ወደ ሰሌኑ። እማ ሐዋ ከጓሮ ሲመለሱ እጃቸው ውኃ እያንጠባጠበ ቆሙ። ቡችላው ቀይ ክሩን አሸተተ። አንድ እግሩን ሰሌኑ ላይ አወጣ። ዞረ። ሊቀመጥ ኋላው ዝቅ ሲል አየሁት።

«አለቃ» አልኩ። ድምፄ ወጣ፤ የእኔ አልመሰለኝም። «አለቃ፣ ሥራህን ሥራ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደረገ። እኔ ሳላስበው ሁለት እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ነበር። ከዚያ ቡችላው እግሩን ከሰሌኑ ላይ አወረደ፣ ሁለቱን ደረጃ ዘልሎ ወረደ፣ ግቢውን አቋርጦ ማንጎው ሥር ሮጠና የተቆረጠው ሰሌን ላይ ተቀመጠ። ረጅም ሸና። እኔም ሮጬ፣ ገና ሳይነሣ፣ ሥጋውን አፉ ላይ አደረስኩለት።

ገለታን አስታውሶ ነው፣ ወይስ ሥጋዬን ሽቶ፣ ወይስ እንዲሁ አጋጣሚ? አላውቅም፤ አውቃለሁ ብልም ውሸት ነው። አሥራ ሁለት ቀን ብቻ የሰማውን ቃል አንድ ቡችላ ሦስት ወር ይይዘዋል ብዬ ለመማል አልደፍርም። ቃሉን እኔ ተናገርኩት፤ ይህን ግን አውቃለሁ።

ቀና ስል እማ ሐዋ ሰሌናቸውን ጎንበስ ብለው በእጃቸው እየዳሰሱ ነበር። ደረቅ ነው። ደሳለኝ ካርቶኑን በእግሩ እየገፋ፣ «እንግዲህ ካርቶኔን ባዶውን ልመልስ?» አለ።

እማ ሐዋ ቀና አላሉም። «ማንጎ ሙላበት» አሉ፣ እጃቸውን ወደ ዛፉ እያሳዩ። «ለባምባሲ ልጆች። እኔ ሰላት አለብኝ፤ አታስጩሁኝ።»

ደሳለኝ ማንጎውን ሲያወርድ አለቃ ሱሪውን እየጎተተ ሲያስቸግረው ዋለ። ካርቶኑ ሞልቶ ተጭኖ ሄደ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ሁሉም ነገር ቀና ብዬ አልዋሻችሁም። በቀጣዩ ሳምንት ሁለት ጊዜ ስቷል፤ አንዱ የእማ ሐዋ ደጃፍ ላይ ነበር፤ በአቸቶ አጥቤ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ዛሬም ጀለቢያ ለባሽ ላይ ይጮሃል፤ ያንን ገና እየሠራንበት ነው። የገለታ ነጠላ ጫማ የተበላው ተበልቷል። የተረፈውን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብቻለሁ፤ ከእንግዲህ ደጃፍ ላይ አይቀመጥም። ማንጎው ሥር ያለው ሰሌን በዝናብ በስብሶ ጠፋ፤ እሱ ቦታውን ግን አልረሳም።

ሐዘን ያለባችሁ፣ በተለይ ብቻችሁን የቀራችሁ፣ ውሻ ግዙ ልላችሁ አይደለም። እኔ የተማርኩት ሌላ ነው። ቤት ውስጥ አላስቆም አላስቀምጥ ያለኝ ጥፋት የቡችላው ይመስለኝ ነበር። ስመታው፣ ስቆጣው፣ በረኪና ስደፋ፣ ዘወር ብዬ የተቀመጥኩበትን ወለል አላየሁትም። እሱ እኔ ያነጠፍኩለትን ነበር የሚከተለው። የእድር ሴቶች ሁለት ጊዜ መጥተው ሊያነሡልኝ ያልቻሉትን ፍራሽ በአንድ ቡችላ ምክንያት አነሣሁት። ማንሣቱ ገለታን መርሳት ይመስለኝ ነበር። አልረሳሁትም፤ በቀን ስድስት ጊዜ የእሱን ቃል ጮክ ብዬ እናገራለሁ፣ ጎረቤት ይሰማል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በዚያው ደብተር ላይ ነው። መጀመሪያ የለቅሶ ደራሾች ስም፣ ቀጥሎ የአለቃ ሰዓት፣ ቀጥሎ ይኸው። አልጋው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው፤ አልፎ አልፎ ይንቀሳቀሳል፣ አንዱ ብሎን በደንብ አልጠበቀም። ሊነጋ ነው። ከመስጊዱ አዛን ከተሰማ ቆይቷል፤ እማ ሐዋ ማንቆርቆሪያቸውን ሲያነሡ ይሰማኛል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። አለቃ በሩ ሥር ቆሞ ወደ እኔ እያየ ነው።

ልነሣ።